ሲኒማ በታሪክ ክፍል ውስጥ

የባህልን ታሪክ በሲኒማ የሚያስተምር መምህር ከጥያቄዎች ሁሉ ሊያስቀድመው የሚገባው ካሜራውን የያዘው ማን ነበር የሚለውን ነው። ለዚህ አስረጅ እንዲሆነን በ1936 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ኮራዶ ዴሪኮ ያዘጋጀውን «የጀግኖች መንገድ» የተባለውን የኢጣልያ ፊልም እንመልከት። ፊልሙን ያሠራው በ1924 የተመሠረተውና የፋሺስት መንግሥት መሣሪያ የነበረው የሉቼ ድርጅት ነው። ድርጅቱ በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ብቻ የሚሠራ የፎቶግራፍና የሲኒማ ክፍል አሰናድቶ ነበር። በፊልሙ መርከብ ሲራገፍ፣ መንገድ ሲጠረግ፣ ስንቅና ጥይት ሲጓዝ ይታያል፤ ወረራው አንድ ትልቅ የሥራ ዘመቻ መስሎ ይቀርባል።

ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ ከአውሮፕላን ይጣል የነበረው የመርዝ ጋዝ ግን በውስጡ የለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ይህንኑ ለመንግሥታት ማኅበር አሰምተዋል፤ የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን ያመነው ግን በ1996 ነው።

እንዲህ ያለ ፊልም ሐሰት ስለ ሆነ ከትምህርት ቤት ይውጣ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከ1926 ጀምሮ የኢጣልያ ሲኒማ ቤቶች የሉቼን ፊልም እንዲያሳዩ በሕግ ይገደዱ ነበርና፣ ለመዝናናት ትኬት የቈረጠው ሰው ምን እንዲያምን ይፈለግ እንደ ነበር የሚነግረን ይኸው ሐሰት ነው። መምህሩ ፊልሙን መጀመሪያ ድምፁን ዘግቶ፣ ኋላም ከተራኪው ቃል ጋራ ቢያሳይ ተማሪው ራሱ ልዩነቱን ይደርስበታል።

ከዚህ ጐን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ማሳየት ይቻላል። በ1974 በአገራችን ገጠር በጥቁርና ነጭ የተነሣ፣ በ1976 የወጣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ነው። ባለርስቱ ከደጁ ተቀምጦ በጭሰኛው ላይ ሲጮኽ፣ መሬቱን የተቀማው ሰው ደግሞ ያለ ፍርሃት ሲመልስለት እናያለን። ርዝመቱ ያሰለቻል የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ነገር ግን የገበሬው ቀን ራሱ እንዲሁ ረጅም ነው።

ይሁን እንጂ ያ የመጀመሪያው ጥያቄ ለዚህኛውም መቅረብ አለበት። ካሜራውን የያዘው በአሜሪካ አገር የተማረና በአብዮቱ ዋዜማ ለጭሰኛው የወገነ ሰው ነው። ለጠላት ፊልም ጥያቄውን ሁሉም በቀላሉ ያነሣል፤ ክፍሉ ጸጥ የሚለው ለራሳችን ፊልም ሲነሣ ነው።