በቶሮንቶ ሰማይ ያለፈው የእሳት ሰልፍ

የካቲት 2 ቀን 1905 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1913) እሑድ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ በቶሮንቶና በአካባቢዋ ደጅ የነበሩ ሰዎች በሰሜን ምዕራብ በኩል ቀይ የእሳት ኳስ ብቅ ሲል አዩ። ተወርዋሪ ኮከብ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ይህ ግን ጅራቱን እያስከተለ፣ ከአድማሱ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ በዝግታ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አለፈ። ከኋላው ሌሎች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ያንኑ መንገድ ይዘው መጡ። ሰልፉ ጥቂት ደቂቃዎች ቆየ። እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ የሰሙም ነበሩ። ሠዓሊው ጉስታቭ ሃን ትርኢቱን በቀለም አስቀረው።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ፈለክ መምህር ክላረንስ ቻንት ነገሩ ወሬ ሆኖ እንዲቀር አልፈቀዱም። ከመቶ በላይ የዓይን ምስክሮችን ቃል ሰበሰቡ። ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና ከፍታውን አመሳክረው በዚያው ዓመት በካናዳ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር መጽሔት አሳተሙ። ሰልፉ ከምዕራብ ካናዳ እስከ ቤርሙዳ ታይቷል፤ በብራዚል አቅራቢያ በባሕር ላይ የነበሩ መርከበኞችም እንዳዩት በኋላ ታወቀ።

በየዓመቱ ነሐሴ 6 እና 7 ገደማ፣ በፍልሰታ ጾም፣ የሚታየው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ምንጩ ከዚህ ሰልፍ የተለየ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. የተገኘው ስዊፍት ተትል የተባለው ጅራታም ኮከብ በ133 ዓመት ገደማ አንዴ ፀሐይን ይዞራል፤ በመንገዱም አቧራ ይበትናል። ምድር ያንን መንገድ ስታቋርጥ ብናኙ በሰከንድ 59 ኪሎ ሜትር ያህል እየተወረወረ ከአየር ጋር ተጋጭቶ ይነዳል። የጅራታም ኮከቡንና የዝናቡን ዝምድና ያሳየው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ ነው።

የቶሮንቶው ሰልፍ ግን በዓመቱ አልተመለሰም። ቻንት የምድር ስበት ይዞ እንደ ጨረቃ ያዞራቸው አካላት ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። ዕለቱ በምዕራባውያን አቆጣጠር የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ መታሰቢያ ስለነበር፣ በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት የምናውቀው አባት ስም ለእሳቱ ሰልፍ መጠሪያ ሆነ።

ይህን ታሪክ ያቆየልን ያዩትን የጻፉ ተራ ሰዎች ናቸው። የቶሮንቶ ወገኖቻችን ሆይ፣ በመጪው ፍልሰታ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከከተማው መብራት ራቅ በሉ፤ ያያችሁትንም ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነአቅጣጫው ጻፉት።