ደራሲው ሲጽፍ ልጁን ማን ያዘው?

ሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነበሩ። ስሙም ዓለማየሁ ተባለ።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ንጉሥ ዙሪያ ሌላም ነገር እየተወለደ ነበር። የነገሥታት ዜና መዋዕል ለዘመናት በግእዝ ሲጻፍ ኖሯል። የቴዎድሮስን ታሪክ ግን ደብተራ ዘነብ፣ በኋላም አለቃ ዘነብ የተባሉት ሰው ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ በአማርኛ ጻፉት። ምሳሌና ምክር የሞላበት «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ»ም የእርሳቸው ነው። ዛሬ ልብ ወለድ የሚጻፍበት የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ዳዴ ካለባቸው ደጃፎች አንዱ ይህ ነው።

ጸሐፊውና ሕፃኑም ተገናኙ። ዘነብ የዓለማየሁ መምህር ሆኑ። ብዕርና ልጅ በአንድ ሰው እጅ ወደቁ።

ዛሬ «ልብ ወለድ እየጻፉ ሕፃን ልጅ ማሳደግ እንዴት ይቻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ወሬው ሁሉ ስለ ሰዓት ነው። ሌሊት ተነሥቶ መጻፍ፣ ልጁ ሲተኛ መጻፍ፣ ስልክ አጥፍቶ መጻፍ ይባላል። ምክሩ አይከፋም። የደብረ ታቦሩ ታሪክ የሚያነሣው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ደራሲው ሲጽፍ ልጁን የያዘው ክንድ የማን ነው? ያ ክንድ ሲነሣስ ምን ይሆናል?

ከእናት ተለይቶ የሚጀመር ሙያ

ደቡብ ጎንደር የብዕር አገር ነው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ደብረ ታቦር ራሷ በአቋቋም ስሟ የታወቀ ነው። ለዘመናት ከየአገሩ ወጣቶች ወደዚህ ደጋ ተምመዋል።

የመጡት ግን እንዴት ነው? ልጁ ገና በለጋነቱ ከእናቱ ቤት ይወጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ወላጅ እንዳያገኘው ስሙን ለውጦ፣ አገር አቋርጦ የሚጠፋም ነበር። ያ ልጅ ነው ኋላ ቅኔ የሚዘርፈው፣ ብራና የሚጽፈው፣ ደብዳቤ የሚያረቀው።

ሙያው ገና ከጅምሩ ቤትን ጥሎ በመሄድ ላይ ቆመ ማለት ነው። የሚማረው ሰው የሚያባብለው ልጅ፣ የሚጠብቀው ድስት የለበትም። ደብተራውና መሪጌታው ሲያገቡና ሲወልዱም ልማዱ አልተለወጠም። እርሳቸው ከተማሪ ጋር ሲውሉ ልጁን ያዘለችው፣ እህሉን የፈጨችው፣ ጠላውን የጠመቀችው ሚስት ናት። የእርሳቸው ድካም «ሊቅነት» ተባለ። የእርሷ ግን ስም እንኳ አልወጣለትም።

እርሷስ አልደረሰችም? በደጋው ብርድ ልጇን አዝላ እሹሩሩ ስትል ግጥም ትገጥም ነበር። ለቅሶ ላይ ሙሾ ታወርድ ነበር። ድርሰትንና ሕፃንን አንድ ላይ የተሸከመ ሰው በዚህ አገር ካለ እርሷ ናት። ነገር ግን ቃሏ ከአፍ ወደ ጆሮ እንጂ ከቀለም ወደ ብራና አልተሻገረም። የጎደላት የነጠላ ጫፍ የሚይዝ ልጅ የሌለበት አንድ ሰዓት፣ ፊደልና ብራና ነበር።

መዝሙረ ዳዊት የያዘችው እናት

እቴጌ ጥሩወርቅ ከዚህ ልማድ ወጣ ያሉ ሴት ነበሩ። የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው፤ ማንበብ ያውቃሉ። አባታቸውን ቴዎድሮስ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው አሥረዋቸዋል። ጥሩወርቅ ያገቡት እንግዲህ ያባታቸውን አሣሪ ነው። ትዳሩም ፍቅር አልነበረበትም። ንጉሡ ሲገቡ እቴጌይቱ ከዳዊታቸው ቀና ሳይሉ ቀሩ፣ ሲጠየቁም ከርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርሁ ነው አሉ እየተባለ ይተረካል።

ወሬው ቃል በቃል ይሁን አይሁን፣ ዘመኑ ጥሩወርቅን ያስታወሳቸው መጽሐፍ በእጃቸው እንደያዙ ነው። ያው እጅ ብቸኛ ልጃቸውንም ይዞ ነበር።

ጋፋት፦ ልጅ መያዣ ሲሆን

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። በሚሲዮናዊነት ከመጡት ጀርመናውያን አንዱ ማርቲን ፍላድ ነበር። ፍላድ ማስታወሻ የሚይዝ፣ የሚጽፍ ሰው ነው።

ንጉሡ በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ደብዳቤ አስይዘው ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ላኩት። እንዲመለስም ዋስ ያዙ። ዋሱ ሚስቱ ፓውሊነና ልጆቻቸው ነበሩ። እርሱ ባሕር ተሻግሮ ሲሄድና ሲመለስ፣ በጭንቅ አገር ሕፃናቱን ይዛ የቆየችው እርሷ ናት። ፍላድ ከመቅደላ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍት አሳተመ፤ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይጠቅሱታል። በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ ያለው ስም ግን የአንዱ ብቻ ነው።

ነገሩ ፍላድን ለመውቀስ አይደለም። እያንዳንዱ ገጽ በሌላ ሰው ክንድ ላይ እንደሚጻፍ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ስለማይገኝ ነው።

የተነሣው ክንድ

ጥቅምት 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተቀለጠውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ገሠገሡ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች። ንጉሡ ሞቱ። ዓለማየሁ ሰባት ዓመቱ ገደማ ነበር።

እናቱም ብዙ አልቆዩም። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ ግንቦት ላይ ትግራይ ውስጥ አረፉ፤ ጨለቆትም ተቀበሩ። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ልጁ አባትም እናትም አጣ። ከቤቱ ሰው የቀሩት መምህሩ አለቃ ዘነብ ነበሩ። እርሳቸውም ከልጁ ጋር መንገድ ጀመሩ። ነገር ግን እንግሊዝ አልደረሱም፤ እንዲመለሱ ተደረገ። ልጁ ጠባቂው ሆኖ ከተሾመው ከካፒቴን ስፒዲ፣ የኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ከሚሉት ሰው ጋር ብቻውን ተሻገረ።

ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ነበር። ልጁም ተጣበቀበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ትምህርቱን ይከታተል ብሎ ከስፒዲም ለየው። ከዚያ ቸልተንሃም፣ ከዚያ ራግቢ፣ ከዚያ የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ልብሱ ንጹሕ፣ ትምህርት ቤቱም ስመ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አንዱን ክንድ ሲለምድ ሌላ፣ ሌላውን ሲለምድ ሌላ እየተሰጠው አደገ።

ዘነብ የጻፉት የቴዎድሮስ ታሪክ በ1902 እ.ኤ.አ. ሊትማን በተባለ ጀርመናዊ ሊቅ አማካይነት ታተመ። መጽሐፉ የንጉሡን ፍጻሜ አይነግርም፤ ከመቅደላ ዓመታት በፊት ይቆማል። ዘነብ የጀመሩትን ታሪክ አልፈጸሙም፤ ያስተማሩትንም ልጅ ሲጎለምስ አላዩም። ልጁ መጽሐፉን ያስቆመው የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ መጽሐፉም ልጁን አላስጣለም። ልጁን ከመምህሩ የለየው የመንግሥታት ጠብ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ

የደብረ ታቦሩን ንጉሥ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ልብ ወለድ ካመጡት አንዱ ከጣና ማዶ የተነሡት አቤ ጉበኛ ናቸው። ስለ ቴዎድሮስ የጻፉትን መጽሐፍ «አንድ ለናቱ» አሉት። ከንጉሠ ነገሥትነቱም፣ ከመድፉም፣ ከመቅደላም ይልቅ ለስም የመረጡት የአንዲትን እናትና የአንድ ልጇን ነገር ነው።

እርሳቸው በ1955 ዓ.ም. ያሳተሙት «አልወለድም»ም የሚጀምረው ከልጅ ነው። በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ እንዲህ ባለ ዓለም አልወለድም ብሎ ይሟገታል። መጽሐፉ ታገደ። አቤ የመንግሥት ሥራቸውን ትተው በብዕራቸው ገቢ ብቻ ለመኖር ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ደራስያን አንዱ ነበሩ። ወደ ኢሉባቦር በግዞት መላክም ደርሶባቸዋል። ደራሲ በመጽሐፍ ሽያጭ እንጀራ ልብላ ሲል መጽሐፉ ከታገደ፣ የታገደው ሐሳቡ ብቻ አይደለም፤ የቤቱም ሌማት ነው።

በዓሉ ግርማ ደግሞ «ኦሮማይ»ን ካሳተሙ በኋላ ከሥራ ተባረሩ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤት ወጥተው አልተመለሱም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ አበራ ልጆቹን ይዘው ቀሩ። አንባቢ «ኦሮማይ»ን ሲያነሣ ስለ ደራሲው ድፍረት ያወራል፤ ተገቢ ነው። የዚያን ድፍረት ዋጋ በየቀኑ ሲከፍል የኖረው ግን አባቱን የሚጠብቅ ልጅና ልጆቹን ብቻዋን ያሳደገች እናት ናቸው።

ስሞቹን ቁጠሯቸው

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ አቤ ጉበኛ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ ዳኛቸው ወርቁ፣ በዓሉ ግርማ፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር። የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ሲነገር ቀድመው የሚጠሩት ስሞች የወንዶች ናቸው። ሴቷ መናገር ስላልቻለች አይደለም፤ የአገሩ እሹሩሩና ሙሾ ይመሰክራሉ። ክንዷ ስለተያዘ ነው።

«ጸሐፊ ብቸኝነት ይሻል፤ ልጅ ይሰናከልበታል» የሚል አይጠፋም። ብቸኝነት ማስፈለጉ እውነት ነው። ነገር ግን ቶኒ ሞሪሰን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው እየሠራች፣ ሁለት ወንዶች ልጆችን ብቻዋን እያሳደገች፣ ከንጋት በፊት እየተነሣች ነው። ናይጄሪያዊቷ ቡቺ ኤሜቼታ ለንደን ላይ አምስት ልጆች ይዛ ከባሏ ተለየች። ባሏ የመጀመሪያ ረቂቋን አቃጥሎባት ነበር። እንደገና ጻፈችው። ረቂቁን ያቃጠለው ከልጆቿ አንዱ አልነበረም።

የእነዚህ ሴቶች ጽናት ይደነቃል። ግን ጽናትን ሕግ ማድረግ አይገባም። ከመቶ አንዷ ስለቻለች ዘጠና ዘጠኙን ሰነፍ ማለት፣ አንድ የቆሎ ተማሪ ሊቅ ስለሆነ በመንገድ የቀሩትን መርሳት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው። ሕጉ ራሱ ክንዱ የማን እንደሆነ ወስኗል። አሠሪ የሌላት ደራሲ ደግሞ በዚህ አዋጅ አንድም ቀን የላትም።

ስለዚህ ነገሩ ከቤት ይጀምራል። የሚጽፍ አባት «ዝም በሉ፣ እየሠራሁ ነው» ብሎ በር ከመዝጋቱ በፊት፣ በሩ ማዶ ያለችው ሰው የራሷ በር እንዳላት ይጠይቅ። አሳታሚ የረቂቅ ማስረከቢያ ቀን ሲቆርጥ አራስ ቤትን ያስብ። ስለ ሥነ ጽሑፍ ዕድገት የሚሰበሰብ ማኅበር፣ ዩኒቨርሲቲና ቤተ መጻሕፍት ከሽልማቱ ጎን አንድ የሕፃናት ማቆያ ክፍል ይክፈት። ከአንድ የዋንጫ ሥነ ሥርዓት ይልቅ አንድ ክፍል ብዙ መጻሕፍት ይወልዳል።

ዓለማየሁ ዛሬም ዊንዘር ነው። አጽሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. እንደገና እምቢታ አጋጥሞታል። ስሙ በተነሣ ቁጥር ቁጣችን ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ መሄዱም ልክ ነው። ግን ልጁን ብቸኛ ያደረገው፣ የሚያውቁትን ሰዎች አንድ በአንድ ከአጠገቡ ማንሣት ነበር። ያ ነገር እንዲደርስ ጦር መዝመት አያስፈልገውም። በየቤታችን፣ መጽሐፍ በሚጻፍበትም ቤት፣ በጸጥታ ሊደርስ ይችላል።