የሻይ ንግድ፦ ነቀምቴ፣ የወለጋ ከተሞችና የአፍሪካ ገበያ

የወለጋ የሻይ ንግድ ሲባል በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች የሚካሄደው የሻይ ቅጠል ግዢና ሽያጭ፣ ከዚያም አልፎ እነዚህ ከተሞች ከአገሪቱና ከአህጉሩ የሻይ ገበያ ጋር ያላቸው ትስስር ማለት ነው። ወለጋ የቡና አገር ነው። በነቀምቴ የቀድሞ መጠሪያ «ለቀምት» እየተባለ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ፍሬው ተለቅ ያለ ቡና የሚወጣው ከዚሁ ምድር ነው። በሻይ በኩል ግን ወለጋ እስካሁን ከሻጭነቱ ይልቅ ገዢነቱ ያመዝናል። ተፈጥሮ ለሻይ የሚስማማ መሬትና ዝናብ ሰጥታው ሳለ እንዲህ መሆኑ ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች የነበሩት የሞረዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሳ ሞረዳ መናገሻ ነበረች፤ ኋላም የወለጋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆና ቆይታለች። አራት መንገዶች ይገናኙባታል፦ በባኮና በአምቦ ወደ አዲስ አበባ፣ በጊምቢ በኩል ወደ ነጆ፣ መንዲና አሶሳ፣ በበደሌ በኩል ወደ መቱ፣ ጎሬና ጋምቤላ፣ ዓባይን ተሻግሮ ደግሞ ወደ ቡሬ። ከተማዋን ነጋዴ ከተማ ያደረጋት ይህ መስቀለኛ መንገድ ነው።

የአንድ ብርጭቆ ሻይ መንገድ

በወለጋ ከተሞች ሻይ ሥራ የሚጀምረው ከንጋቱ ጋር ነው። በመናኸሪያ ዙሪያ ባሉ ሻይ ቤቶች ሾፌሩና ረዳቱ፣ ተሳፋሪውና የቀን ሠራተኛው ጎህ ሲቀድ በትንሽ ብርጭቆ ትኩስ ሻይ ይዘው በዳቦ ወይም በቦንቦሊኖ ቁርሳቸውን ይጀምራሉ። አሠራሩ በመላ አገሪቱ እንደሚታወቀው ነው፤ ውኃው ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር በብራድ ይፈላል፣ ሄል የሚጨምርም አለ፣ ቅጠሉ ቆንጠር ተደርጎ ይገባል፣ ስኳሩ በብርጭቆው ሥር ይጠብቃል። ቡናም ሻይም ያማረው ሁለቱን ቀላቅሎ «ስፕሪስ» ያዛል። ቤት ውስጥ ለእንግዳ የሚፈላው አሁንም ቡና ነው። ሻይ የመንገደኛና የችኩል ሰው መጠጥ ሆኖ ከቡናው ጎን ቦታውን አግኝቷል።

ብርጭቆዋ ውስጥ የተሰበሰበው ንግድ ከመጠጡ ይሰፋል። ስኳሩ የቅርብ ሰው ነው። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ያመርታል፤ የአርጆ ደዴሳ ፋብሪካም በዚያው በወለጋ ደቡባዊ ጫፍ ተጨምሯል። ቅመሙ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ቅርንፉድን ለዓለም የሚያቀርቡት በዋናነት ኢንዶኔዥያ፣ ማዳጋስካርና ዛንዚባር ናቸው። ቅጠሉ የአገር ውስጥ ቢሆንም ጉዞው ዙሪያ ጥምጥም ነው። ከነቀምቴ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለው የኢሉ አባ ቦር ምድር ተለቅሞ እዚያው ይደርቃል፣ ለማሸግ አዲስ አበባ ድረስ ይጓዛል፣ በፓኬት ሆኖም በጅምላ ነጋዴ እጅ ተመልሶ ወደ ምዕራብ ይመጣል። የነቀምቴ ባለሱቅ «አዲስ ሻይ» ወይም «ጥቁር አንበሳ» ብሎ በሚሸጠው ፓኬት ዋጋ ውስጥ የመሄጃውም የመመለሻውም የጭነት ኪራይ አለ።

የቀድሞ ንግድና የጋምቤላ በር

ወለጋ ለአህጉር ንግድ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጉዱሩ የነበረው የአሰንዳቦ ገበያ በጊቤ ማዶ ያሉትን መንግሥታት ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ጋር ያገናኝ ነበር። ከደቡብ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ይመጣል፣ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። በሌቃ የነበረው የቢሎ ገበያም በዚያው የሲራራ መስመር ስሙ የገነነ ነበር።

ከሁሉ በላይ ለሻይ ጉዳይ ትምህርት የሚሆነው ግን የጋምቤላ ታሪክ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ብሪታንያ በባሮ ወንዝ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ እንድትከፍት ተፈቀደላት፤ ጣቢያውም ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ጋምቤላ ላይ ሥራ ጀመረ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። የወለጋና የኢሉ አባ ቦር ቡና በበቅሎ ከሰዮ፣ ማለትም ከዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ እንዲሁም ከጎሬ ወደ ቆላው ወርዶ ይጫናል፤ በልዋጩ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ሽቅብ ይወጣል። ወንዙ የሚሞላው ለጥቂት ወራት ብቻ በመሆኑ ነጋዴው ቡናውን ወራት አስቀምጦ መርከብ ይጠብቅ ነበር። ቡና ደግሞ ይህን ይችላል፤ ከደረቀ በኋላ ጎተራ ውስጥ ቢከርም ገበያውን አያጣም። የወለጋ የንግድ ልማድ፣ ከገበሬው እስከ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው እስከ ላኪው፣ የተሠራው በዚህ መጠበቅ በሚችል ሸቀጥ ላይ ነው።

ጉማሮ፦ የጎረቤት ሻይ

የኢትዮጵያ የሻይ ልማት የተጀመረው ለወለጋ ቅርብ በሆነ ቦታ ነው። በጎሬ አቅራቢያ በሚገኘው ጉማሮ ሻይ የተተከለው በ1920 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ለረዥም ዘመን ግን አገሪቱ የምትጠጣውን ሻይ በብዛት ከውጭ ትገዛ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በደርግ ዘመን በካፋ፣ በቦንጋ አጠገብ ያለው የውሽውሽ እርሻ ከተስፋፋ ወዲህ ነው። ሁለቱም እርሻዎች በመንግሥት ይዞታ ቆይተው በ1992 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮ አግሪ ሴፍት ተዛውረዋል፤ ውሽውሽ 1,250፣ ጉማሮ ደግሞ 860 ሄክታር ያህል ይሸፍናሉ። በሸካ፣ በማሻ አካባቢ ያለው የቸዋቃ እርሻ ሦስተኛው ነው። ዘርፉን በፌዴራል ደረጃ የሚመራው የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ነው።

በአገሪቱ ስፋት ሲታይ ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ኬንያ በዓመት ከ500 ሺህ ቶን በላይ ሻይ በምታመርትበት ዘመን የኢትዮጵያ ምርት ገና በጥቂት ሺህ ቶን የሚቆጠር ነው።

ገዢና ሻጭ በአህጉሩ

የአፍሪካ የሻይ ገበያ በሁለት ተከፍሏል። ምሥራቁና ደቡብ ምሥራቁ ያመርታል፤ ሰሜኑና ምዕራቡ ይጠጣል። በማላዊ፣ በሙላንጄ ተራራ ሥር፣ ሻይ ለገበያ መመረት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በኬንያ ሊሙሩ የመጀመሪያው ችግኝ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ዛሬ ኬንያ በጥቁር ሻይ ኤክስፖርት ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን በአህጉሩ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ቡሩንዲና ማላዊ ይከተላሉ። የአብዛኞቹ ሻይ በብዛት የሚሸጠው በሞምባሳ ጨረታ ነው። ጨረታው እ.ኤ.አ. በ1956 ናይሮቢ ላይ ተጀምሮ በ1969 ወደ ወደቡ ወረደ፤ በየሳምንቱ ይካሄዳል፣ ዋጋውም በዶላር ይቆረጣል። ደላላው ናሙናውን ቀድሞ ይልካል፣ ቀማሹ ይቀምሳል፣ ገዢው ለእያንዳንዱ ምድብ ዋጋ ይሰጣል።

በገዢው ወገን ግብፅ ጎልታ ትታያለች። አንድም የሻይ እርሻ ሳይኖራት በአፍሪካ ከታላላቅ ሻይ ጠጪዎች አንዷ ናት፤ በብዛት የምትገዛው ከኬንያ ነው። ለዚህም ሁለቱ አገሮች የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ነፃ የንግድ ቀጠና አባል መሆናቸው ረድቷቸዋል። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ብትሆንም ወደ ነፃ ቀጠናው ሳትገባ ዘመናት አሳልፋለች። ሞሮኮ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት፤ የቻይና አረንጓዴ ሻይ ቀዳሚ ገዢ ስትሆን ከናና ቅጠልና ከብዙ ስኳር ጋር ትጠጣዋለች። ሞሪታኒያ፣ ሴኔጋልና ማሊም አረንጓዴውን ሻይ በሦስት ዙር እያፈሉ ይጠጣሉ።

የአህጉሩ ንግድ ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚሠራው ሲቲሲ የተባለውን፣ በማሽን ተፈጭቶ እንደ ጥራጥሬ የደቀቀ ጥቁር ሻይ ነው። መግሪብና ሳህል የሚፈልጉት ሙሉ ቅጠሉ የተጠቀለለ አረንጓዴ ሻይ ነው። ስለዚህ የኬንያ ትልቁ ደንበኛ ፓኪስታን፣ የሞሮኮ ትልቁ አቅራቢ ቻይና ሆነው ይኖራሉ። መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት ቀረጥን ሊያነሳ ይችላል፤ የጠጪውን ምላስ ግን አይለውጥም። አዲስ ወደ ገበያው የሚገባ አገር ከጅምሩ አረንጓዴ ሻይ የሚሠራ ፋብሪካ ቢተክል በአህጉሩ ውስጥ ሰፊ ክፍተት ያገኛል፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የኢትዮጵያ ዕድልም እዚያ ላይ ነው።

ለወለጋ የቅርቡ ገዢ ሱዳን ነው። በሱዳን ከተሞች ሻይ በመንገድ ዳር ከሚያፈሉ ሴቶች እጅ ጠዋትና ማታ ይጠጣል። አገሪቱ ለዓመታት ሻይ ስታስመጣ የኖረችው በዋናነት ከኬንያ፣ በፖርት ሱዳን በኩል ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሱዳን ከኬንያ የሚገባ ዕቃን ሁሉ ስታግድ፣ ምክንያቱ የአገሪቱን ጦር የሚዋጋው የፈጥኖ ደራሽ ኃይልና ደጋፊዎቹ ናይሮቢ ላይ መሰብሰባቸው ነበር፣ ሞምባሳ ወደብ ላይ የሻይ ጭነት ቆሞ ቀረ። ከነቀምቴ በአሶሳና በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ በካርታ ላይ ሲታይ አጭር ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የፈነዳው ጦርነትና በራሱ በወለጋ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የዘለቀው የትጥቅ ግጭት ግን በካርታ ያጠረውን መንገድ ለነጋዴው አርዝመውበታል። ነጋዴ ሲቀር ገበሬው ምርቱን ታቅፎ ይቀራል፤ በግጭቱ የተጎዳው ሕዝብ ጉዳቱ ከማንኛውም የንግድ ቁጥር በላይ ነው።

አሲዳማው አፈርና የማይጠብቀው ቅጠል

የምዕራብ ወለጋ ገበሬ ከሚያማርራቸው ነገሮች አንዱ የአፈሩ አሲዳማነት ነው። ዝናቡ ብዙ በመሆኑ የአፈሩ ኖራ ይታጠባል፤ በነጆና በጊምቢ አካባቢ በቆሎና ገብስ የሚፈለገውን ያህል አይሰጡም፣ መሬቱንም ለማከም ኖራ በኩንታል እየተጓጓዘ ይበተናል። ሻይ የሚፈልገው ይህንኑ አፈር ነው። የአፈሩ ፒኤች 4.5 እስከ 5.5 ሲሆን ይመቸዋል፣ ዓመቱን የተዳረሰ ዝናብ ይወዳል፣ የደጋና የወይና ደጋ ብርድ ቅጠሉን ቀስ ብሎ እንዲያድግ ስለሚያደርገው ጣዕሙን ያጎላዋል። ለእህል በሽታ የሆነው ለሻይ ጤና ነው። የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት ሻይን ከግብርና ኢኒሼቲቮቹ መካከል አስገብቶ በምዕራብ ዞኖች ችግኝ ማባዛቱ ከዚህ አንጻር ምክንያት ያለው እርምጃ ነው።

የቀረው ጥያቄ የፋብሪካ ነው። ለቃሚው ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ቀጥፎ ቅርጫቱ ውስጥ ከጣለበት ደቂቃ ጀምሮ ቅጠሉ መለወጥ ይጀምራል። በዕለቱ፣ ቢቻል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ፋብሪካ ገብቶ ካልጠወለገ፣ ካልተፈጨ፣ ካልተብላላና ካልደረቀ በጆንያው ውስጥ ሞቆ ይበላሻል። አንድ ኪሎ የደረቀ ሻይ ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል ስለሚያስፈልግ ቅጠሉን ሩቅ መጫንም ኪሳራ ነው። ለቡና ሲባል የተዘረጋው የሰብሳቢና የጎተራ ሰንሰለት እዚህ ላይ አይሠራም። ከነቀምቴ እስከ ጎሬ ያለው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የነጆ ቅጠል ጉማሮ ድረስ ተጭኖ ይሠራል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

የኬንያ ልምድ መፍትሔውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የአነስተኛ ገበሬዎች የሻይ ልማት ድርጅት ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ገበሬዎችን ከ60 በላይ በሆኑ ፋብሪካዎች ያገለግላል። የቅጠል መረከቢያ ጣቢያው ከገበሬው ማሳ በእግር የሚደረስበት ነው፣ መኪናው በሰዓቱ ይመጣል፣ ገበሬውም የፋብሪካው ባለአክሲዮን ነው። በየወሩ ለቅጠሉ የመጀመሪያ ክፍያ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ከጨረታው ሽያጭ የተረፈውን ድርሻ ይቀበላል። አሠራሩ ቅሬታ አጥቶት አያውቅም፤ ገበሬውን ከማሳው ሳያፈናቅል አገርን ሻይ ላኪ ማድረግ እንደሚቻል ግን አረጋግጧል። ሰፋፊ እርሻ ለመመሥረት ደን መመንጠር ሳያስፈልግም በእያንዳንዱ ጓሮ ጥቂት ጥማድ መሬት ይበቃል።

የሻይ ችግኝ ከተተከለ በኋላ ለመለቀም ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፣ ከዚያም በደህና ከተያዘ ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ለግማሽ ክፍለ ዘመን የሚዘልቅ ውሳኔ ነውና በወለጋ ከፋብሪካው በፊት ችግኝ ማከፋፈል ገበሬውን ለኪሳራ ማጋለጥ ነው። ችግኝ የሚቀርብለት ገበሬ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ፋብሪካው የት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚከፈትና መንገዱ በክረምት መኪና ያስገባ እንደሆነ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።