ሳንባ ወለድ ክሳት፦ ትንፋሽ ሥጋ ሲበላ

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሲከሳ ወቀሳው መጀመሪያ የሚያርፈው ገበታው ላይ ነው። «አልበላ ብለህ እኮ ነው» ይባላል። ጉርሻው ይተልቃል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ አንቺ ተቆጪው» ይባላል። ሕመምተኛው ግን ሁለት ሦስቴ እንደጎረሰ ትንፋሹ እየተቆራረጠ እጁን ይሰበስባል። ሳልና ክሳትን አንድ ላይ ያየ ጎረቤት ደግሞ በልቡ «የሳንባ ነቀርሳ» ብሎ ፈርዶ ብርጭቆ መለየት ይጀምራል። ይህ ክሳት ግን ከራሱ ከሳንባው ሕመም የሚመነጭ፣ የራሱ የሕክምና ስም ያለው ችግር ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ፐልሞናሪ ካኬክሲያ ይሉታል።

ካኬክሲያ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ካኮስ «መጥፎ»፣ ሄክሲስ ደግሞ «ይዞታ» ማለት ነው። በካንሰር፣ በልብ ድካምና በኩላሊት ሕመም የሚመጣው ክሳትም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ፐልሞናሪ የሚለው መነሻው ሳንባ መሆኑን ይለያል። በአማርኛ «ሳንባ ወለድ ክሳት» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። ውሃ ወለድ በሽታ፣ ምግብ ወለድ በሽታ እያልን ስለቆየን አሰያየሙ ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። «የሳንባ ክሳት» ካልን ሳንባው ራሱ የከሳ ያስመስላል። «መመንመን» የሚለውን ለጡንቻ ብናቆየው ጥሩ ነው፤ ቦርጩ ሳይጎድል ጭኑና ክንዱ የመነመነ ሕመምተኛ ብዙ ነውና።

ይህን ክሳት በብዛት የሚያመጣው በአህጽሮት ሲኦፒዲ የሚባለው በሽታ ነው፤ የአየር ቧንቧዎች እየጠበቡ፣ የአየር ከረጢቶችም እየፈረሱ የሚሄዱበት ሕመም። ቀድሞ ክሮኒክ ብሮንካይተስና ኤምፊዚማ እየተባሉ ለየብቻ ይጠሩ የነበሩትን ያጠቃልላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። በበለጸጉት አገሮች ዋናው ምክንያት ሲጋራ ነው። በኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እዚህ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የማገዶና የኩበት ጭስ ነው፤ ታማሚዋም በጠባብ ማድ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ምጣድ ላይ ያጎነበሰች፣ ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ እናት ልትሆን ትችላለች። ሕመሙን «አስም አለብኝ» ወይም «ብርድ ነው» እያለች ዓመታት ታሳልፋለች። እርግጡ የሚታወቀው ስፓይሮሜትር በሚባል መሣሪያ በመንፋት ነው። ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ የአየር መተላለፊያው ጠቧል ማለት ነው።

ለምን እንደሚያከሳ ለመረዳት ቀላል ሙከራ አለ። አየር እስኪበቃዎ ይሳቡና ሙሉ በሙሉ ሳያስወጡ፣ በዚያው በተወጠረው ደረት ላይ አጫጭር ትንፋሽ እየጨመሩ አንድ ደቂቃ ለመቆየት ይሞክሩ። ብዙዎች አይጨርሱትም። የሲኦፒዲ ታማሚ ቀኑን ሙሉ የሚውለው እንዲህ ነው። አየሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ ሳንባው ተነፍቶ ይቀራል፤ ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ተዘርግቶ ጉልበቱን ያጣል፤ የአንገትና የጎድን ጡንቻዎች ለእገዛ ይጠራሉ። ጤነኛ ሰው ለመተንፈስ የሚያወጣው ካሎሪ ከቁም ነገር አይገባም፤ ሕመሙ የጠናበት ሰው ግን እስከ አሥር እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። በዚህ ላይ ከሳንባው ወደ ደም የሚረጨው ብግነት ጡንቻ ያፈርሳል፤ የኦክስጅን እጥረቱ፣ እንቅስቃሴ መቀነሱና ለረጅም ጊዜ የሚዋጡ የስቴሮይድ ክኒኖችም ያግዙታል። ከሚመነምኑት ጡንቻዎች አንዱ መተንፈሻው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ክሳቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ትንፋሽ ማጠሩም መልሶ ያከሳል።

ለመጠርጠር ሚዛን ይበቃል። ሳይፈልጉት በስድስት ወር ውስጥ ከክብደት 5 በመቶ በላይ መቀነስ የማንቂያ ደወል ነው፤ 60 ኪሎ ለነበረ ሰው ከ3 ኪሎ በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ቦድ የተባለው መመዘኛ የታማሚውን ዕጣ የሚገምተው በአየር መተላለፊያው መጥበብ፣ በትንፋሽ ማጠሩና በስድስት ደቂቃ በሚራመደው ርቀት ብቻ አይደለም፤ ክብደቱን ከቁመቱ ጋርም ያነጻጽራል። ክብደቱ (በኪሎ) ለቁመቱ (በሜትር) ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር 21 እና ከዚያ በታች ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ጤናማ ሰው «ቀጠን አልሁ» ብሎ የሚደሰትበት ቁጥር ለዚህ ታማሚ ክፉ ዜና ነው።

ወደ ገበታው እንመለስ። ስንውጥ ትንፋሻችን ለአፍታ ይቆማል። ጤነኛ ሰው አያስተውለውም፤ ትንፋሹ በሰከንድ ለሚቆጠርበት ሰው ግን እያንዳንዱ ጉርሻ የአየር ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ትልቅ ጉርሻ፣ በፍቅርም ቢሆን፣ ለእሱ ቅጣት ነው። የሞላ ሆድ ደግሞ ድያፍራሙን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። መፍትሔው በቀን ሁለቴ ጠግቦ መብላት ቀርቶ አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት በጥቂት መብላት ነው፤ ከምግቡ በፊትም ትንሽ ማረፍ፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ውሃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን በመካከሉ መጠጣት። ጠዋት የተሻለ ጉልበት ካለው ዋናውን ምግብ ጠዋት ማድረግ ይቻላል። ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ጥቅል ጎመን ሆዱን የሚነፋው ከሆነ መጠኑን መቀነስ ነው እንጂ ለሁሉም ሰው አይከለከልም።

የምግቡ ዓይነት ሲነሳ ከባሕር ማዶ የተገለበጠ የምግብ ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም። ትንሽ ሆኖ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ፣ ለማኘክ የማያደክም ነገር ከተፈለገ የአገሩ ማድ ቤት ሞልቶታል። ቅቤ የጠገበ ገንፎ፣ በወተት የተሠራ አጥሚት፣ ቂንጬ፣ እርጎ፣ አይብ፣ በዘይት ጠብሰቅ ያለ ሽሮ፣ ለስልሶ የበሰለ የምስር ክክ፣ አቮካዶ። ቆሎና ጥብስ ሥጋ ግን መንጋጋን ያደክማሉ፤ ሥጋው ተከትፎ ወይም በሾርባ ቢቀርብ ይሻላል። ለእንዲህ ዓይነት ታማሚ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 75 ግራም ይመጣል፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ እንደሚሰጥ ሲታሰብ በሽሮና በእንጀራ ብቻ መድረስ ቀላል አይደለም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ይህን መጠን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምር።

ጾም የሚጾሙ አረጋውያንን «ተዉ» ማለት ብቻውን ውጤት የለውም፤ ለብዙዎቹ ጾም ከመድኃኒት አይተናነስም። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ሐዘኔታ አላት፤ ጉዳዩን ከንስሐ አባት ጋር ማንሳት ይቻላል። መጾም ግድ ነው ካሉም ከባዱ ነገር የጾሙ ምግብ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የለውዝ ቅቤና ሽሮ ዘይትና ፕሮቲን አላቸው፤ ለስላሳም ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ውሎ በአንዴ መጥገብ ግን ለዚህ ሳንባ የማይስማማ ነው።

«እንጀራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያበዛል» የሚል ምክር ከውጭ ሲመጣ ይሰማል። መነሻው እውነት ነው፦ ካርቦሃይድሬት ሲቃጠል ለገባው ኦክስጅን እኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ስብ ሲቃጠል 70 በመቶ ገደማ ብቻ። ነገር ግን ክብደት እየቀነሰ ላለ ሰው ዋናው በቂ ካሎሪ ማግኘቱ ነው፤ እንጀራ ነሥቶ ማስራብ ጉዳት ነው። «ወተት አክታ ያበዛል» የሚለውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት የጉንፋን ቫይረስ የተሰጣቸውን በጎ ፈቃደኞች ተከታትሎ ወተት መጠጣት ከአፍንጫ ፈሳሽ መብዛት ጋር አለመገናኘቱን አሳይቷል። ወተት ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ላይ ሲወፍር አክታ ይመስላል እንጂ አክታ አይፈጥርም። ክብደት ለመጨመር ከሚረዱት ርካሽ ምግቦች አንዱን በዚህ ምክንያት መከልከል ያሳዝናል።

የባሕል መድኃኒቱ ነገር ደግሞ በጅምላ የሚመሰገን ወይም የሚወገዝ አይደለም። ዝንጅብልና ማር ያለው ሻይ ጉሮሮ ያለዝባል፣ ያሞቃል፤ ሳንባ አይጠግንም። ባሕር ዛፍ ላይ ግን አስገራሚ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የጀርመን ጥናት ከባሕር ዛፍ ዘይት የሚገኘውን ሲኒኦል የተባለ ንጥረ ነገር በካፕሱል መልክ ለ6 ወር ለሲኦፒዲ ታማሚዎች ሰጥቶ፣ ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር ሲወስዱት ሕመማቸው የሚባባስበት ጊዜ መቀነሱን ዘግቧል። ይህ ግን የተመጠነ ካፕሱል እንጂ ቅጠል ቀቅሎ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መታጠን አይደለም፤ በእንፋሎት የሚቃጠሉ ሰዎች አሉ፣ ዘይቱን መጠጣትም መርዝ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ጭሱ ነው። ለሳል ብሎ ቀበሪቾ ማጨስ፣ ቤት ዘግቶ እጣን ማትጎልጎል፣ ወይባ መሞቅ፦ ጭስ ያቆሰለውን ሳንባ በጭስ ማከም ማለት ነው። ሥሩም ሆነ ሙጫው የተፈጥሮ መሆኑ ሳንባው ውስጥ ሲገባ ለውጥ አያመጣም።

ቡና እዚህ ላይ ለብቻው መነሣት አለበት። ካፌይን ቲኦፊሊን ከሚባለው የቆየ የሳንባ መድኃኒት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ የአስም ታማሚዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓታት በመጠኑ ያሰፋል፤ ከስፓይሮሜትር ምርመራ በፊት ቡና አትጠጡ የሚባለውም ለዚሁ ነው። በመድኃኒት ፋንታ አይቆምም፤ ልቡ ቶሎ ቶሎ የሚመታበት ወይም ቲኦፊሊን የሚወስድ ሰውም ይጠንቀቅ። ችግሩ ያለው ሲኒው ውስጥ ሳይሆን አጠገቡ ነው፤ ከሰሉ፣ የሚቆላው ቡና ጭስና እጣኑ። ቡናው በረንዳ ላይ ቢፈላ ወይም በኤሌክትሪክ ተፈልቶ ለታማሚው ቢመጣ ወጉ አይጎድልም።

ከእንክብል መፍትሔ የሚጠብቅ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ቫይታሚን ዲ በደማቸው ውስጥ እጅግ ዝቅ ያለባቸው የሲኦፒዲ ታማሚዎች ሲሰጣቸው የሕመሙ መባባስ ቀንሷል፤ እጥረት ለሌለበት ግን ጥቅሙ አልታየም። በሰሜን አውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ ክረምቱን ቤት ውስጥ የሚያሳልፍ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ቢመረመር ያዋጣዋል። ቤታ ካሮቲን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የፊንላንድ ጥናት ከ29 ሺህ በላይ አጫሽ ወንዶችን ተከታትሎ በእንክብል መልክ የወሰዱት ዘንድ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ መጨመሩን አገኘ። ካሮት ይበሉ፤ እንክብሉን አጫሽ አይንካው።

ምግብ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም፤ ክሳቱን ከተራ ረኃብ የሚለየውም ይህ ነው። የበሉት ጡንቻ እንዲሆን ጡንቻው መሥራት አለበት፦ ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ ደጋግሞ መነሣት፣ ግቢ ውስጥ እያረፉ መመላለስ። ሲያፍን በአፍንጫ ሁለት እስኪቆጠር ስቦ፣ ከንፈርን እንደ ፉጨት አጥብቦ አራት እስኪቆጠር ማስወጣት የታፈነው አየር እንዲወጣ ያግዛል። ማራገቢያም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ትንሽ ማራገቢያ ፊት ላይ ሲያዝ እግር ላይ ከመያዝ ይልቅ የትንፋሽ ማጠር ስሜትን ማቅለሉን አሳይቷል። ከሰል የምናራግብበት ማራገቢያ፣ ከሰሉ በሌለበት፣ ይህንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ስሙን ማወቅ ግን ምርመራን ለመዝለል ምክንያት እንዳይሆን። የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሲከሳ ቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ)፣ ካንሰር፣ ስኳርና የእንቅርት ዕጢ መዛባት አስቀድመው መጣራት አለባቸው፤ ሌሊት የሚያልብ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ የሚተፋ ሰው ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም። እነዚያ ከተጣሩ በኋላ ነው ካርዱ ላይ «ሳንባ ወለድ ክሳት» ተብሎ የሚጻፈው፤ በየወሩም፣ በዚያው ሚዛን፣ ክብደቱ ከጎኑ ይመዘገባል።