በመረጡት ቦታ የመኖር መብት

በመረጡት ቦታ የመኖር መብት በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 የተደነገገ ነው። ማንኛውም ዜጋ በአገሪቱ ውስጥ በፈለገው ስፍራ ተዘዋውሮ መኖሪያውን መመሥረት ይችላል፤ አንቀጽ 25 ደግሞ በዘር፣ በቋንቋም ሆነ በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት ግን በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ይለያል። እዚያው ወልዶ ከብዶ የኖረው አማራ፣ አገውና ኦሮሞ «ሌሎች ሕዝቦች» ከሚለው ሐረግ ሥር ወደቀ። ይህ ክፍፍል የመብቱ ትልቁ ስብራት ነው።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚሁ ክልል፣ በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ ከ100 በላይ ሰዎች በጥቃት ተገደሉ። በዚያ ወቅት ከመተከል የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች በአማራ ክልል የጓንጓ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ጫግኒ አቅራቢያ፣ «ራንች» በሚባለው መጠለያ ተጠለሉ። እርሻና ቤት የነበራቸው ገበሬዎች የእርዳታ ስንዴ ጠባቂ ሆኑ።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት መንግሥት ተፈናቃይን እንዲጠብቅ፣ በፈቃዱና በክብር እንዲመልስ፣ ለደረሰበት ጉዳትም እንዲክስ ያስገድዳል። በመረጡት ቦታ የመኖር መብት ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ በመኖሪያ ቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር አድልዎን የከለከለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነበር።