«ሲስተም የለም» ማንን ይከሳል?

ወገን፣ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ቢሮ ገብታችሁ «ሲስተም የለም» ያልተባላችሁ እጃችሁን አውጡ!

ብስጭታችንን በባዕድ ቃል መናገር የጀመርነው ዛሬ አይደለም። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ደሴ ገባ። ከመኪናው ጋር ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጡ። የኮምቦልቻን ቁልቁለት ለሚወርድ ሾፌር ፍሬን ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ኋላ ቃሉ ከመኪናው ወርዶ ያስመረረንን ሰው «ፍሬኑን የበጠሰ» አልነው። ልብ በሉ፣ ጋራዥ ውስጥ የተበላሸው ዕቃ ስም አለው፤ የሚጠግነውም ሰው አለ።

እንግሊዝኛው በትምህርት ቤትና በቢሮ በኩል መጣ። ከ1933 በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ፤ ወይዘሮ ስኂን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ኮምፒውተር ሲገባ «ሲስተም» እና «ኔትወርክ» ተከተሉ። («ቦሪንግ» እና «ስትረስ» የልጆቹ ናቸው፣ እንለፋቸው።) ባለጉዳይ «አጉላሉኝ» ሲል ያጉላላው ሰው ግሱ ውስጥ አለ። «ሲስተም የለም» ግን ማንንም አይነካም።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥም አፋችን የለመደው «ኔትወርክ የለም» ነበር። «ዘጉት» የሚል አጭር አማርኛ እያለን።