የመስኮብ ባሌት ልብስና የመድረክ ሥዕል

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ለአንባቢዎቻችን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1901 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ አንድ ከፍተኛ የመንግሥት ሹም በአንድ ቀሚስ ምክንያት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሹሙ የንጉሠ ነገሥቱ ቲያትር ቤቶች ዲሬክተር ልዑል ሰርጌይ ቮልኮንስኪ ነበሩ። ማቲልዳ ክሼሲንስካያ የተባለችው ስመ ጥር ዳንሰኛ «ካማርጎ» በሚባለው ባሌት የታዘዘላትን፥ በውስጡ ቀለበት የተወጠረበትን ሰፊ ቀሚስ አልለብስም አለች። ዲሬክተሩም በደንቡ መሠረት መቀጫ ጣሉባት። ነገር ግን ዳንሰኛይቱ በቤተ መንግሥት ወዳጅ የነበራት ሰው ስለ ሆነች፥ መቀጫው እንዲነሣላት ከላይ ትእዛዝ መጣ። ቮልኮንስኪ ትእዛዙን ፈጸሙና የመልቀቂያ ማመልከቻቸውን አቀረቡ።

ነገሩ ለጨዋታ የሚመች ቢሆንም፥ እኛ ያነሣነው የዚያን ዘመን አሠራር ስለሚያሳይ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ቲያትር ቤቶች ልብስ የሥነ ጥበብ ጉዳይ ሳይሆን የግምጃ ቤትና የደንብ ጉዳይ ነበር። ታሪኩ በግብፅም ይሁን በህንድ አገር፥ ዋናይቱ ዳንሰኛ የምትለብሰው ያንኑ ከወገብ በታች ተነፍቶ የሚቆመውን አጭር ስስ ቀሚስ ነው፤ በጠርዙ ላይ ጥቂት የግብፅ ጌጥ ከተሰፋበት ግብፃዊት ሆነች ማለት ነው። በጆሮዋና በአንገቷ ላይ የራሷን አልማዝ ታደርጋለች። የመድረኩንም ሥዕል ቢሆን ደን የሚሥለው ሌላ፥ ቤተ መንግሥት የሚሥለው ሌላ ባለ ሙያ ስለ ነበረ፥ አንዱ ትርኢት በብዙ እጅ ተከፋፍሎ ይሠራ ነበር። የእነዚህ ሰዎች የእጅ ሙያ የሚናቅ አልነበረም። የጠፋው ሁሉን በአንድነት የሚያስብ ዓይን ነው።

ይህን ልማድ አስቀድሞ የተወው መንግሥት ሳይሆን አንድ የሞስኮ ባለጸጋ ነው። በባቡር ሐዲድ ሥራ የከበረው ሳቫ ማሞንቶቭ በ1885 ዓ.ም. የግሉን ኦፔራ አቋቁሞ፥ እንደ ቫስኔትሶቭ፥ ኮሮቪንና ቩሩቤል ያሉትን እውነተኛ ሠዓሊዎች ወደ መድረክ ጠራ። በሴንት ፒተርስበርግም አሌክሳንድር ቤኑዋ፥ ሌዎን ባክስትና ሰርጌይ ዲያጊሌፍ ከጓደኞቻቸው ጋራ ተባብረው በ1898 ዓ.ም. «የሥነ ጥበብ ዓለም» የተባለ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ።

ዲያጊሌፍ ሠዓሊም ዳንሰኛም አልነበረም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በ1899 ዓ.ም. ልዑል ቮልኮንስኪ የልዩ ጉዳይ ሹም አድርገው ቀጠሩትና የቲያትር ቤቶቹን የዓመት መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ አዘዙት። መጽሐፉም እጅግ ያማረ ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ «ሲልቪያ» የተባለውን ባሌት ከሠዓሊ ወዳጆቹ ጋራ እንዲያዘጋጅ ተፈቀደለት፤ ሌሎቹ ሹማምንት ግን ተቃወሙ። ፈቃዱ በተሻረ ጊዜ ዲያጊሌፍ ተቆጥቶ የዓመቱን መጽሐፍ አላዘጋጅም አለ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ከሥራ ተባረረ። የመዝገብ ቤት ሥራ የሚያውቅ አንባቢ በሁለቱም ወገን መፍረድ ይቸግረዋል። ትዕቢቱ የታወቀ ነበርና ሹማምንቱ ያለ ምክንያት አልተቃወሙትም። ዳሩ ግን በዚያ ቀን መሥሪያ ቤቱ የሰደደው ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ የመስኮብን ባሌት ለዓለም አሳየ።

ግንቦት 19 ቀን 1909 ዓ.ም. (በእነርሱ ሜይ) በፓሪስ በሻትሌ ቲያትር መጋረጃው ሲገለጥ፥ ተመልካቹን ያስደነቀው የእግር ሥራው ብቻ አልነበረም። ኒኮላስ ሮሪክ ለፖሎቭትሲያውያን ዳንስ የሣለው ጭስ የሚወጣበት የዘላኖች ሰፈር፥ ከመካከለኛው እስያ በመጣ ዥንጉርጉር ጨርቅ የተሰፋው ልብስ፥ በዚያው ወቅት በታየው «ክሌዎፓትራ» ደግሞ ኢዳ ሩቢንሽታይን እንደ ሬሳ በመጋረጃ ላይ መጋረጃ ተጠቅልላ መጥታ አንድ በአንድ የተገለጠችበት ትርኢት የከተማው ወሬ ሆነ።

በተከታዩ ዓመት የታየው «ሼሄራዛድ» ከሁሉ በለጠ። ባክስት የንጉሡን እልፍኝ ሲሥል ከላይ ግዙፍ አረንጓዴ መጋረጃ ሰቀለ፤ ሰማያዊውን ከአረንጓዴው አጠገብ አኖረ፤ መሬቱን በቀይ ምንጣፍ ሸፈነ። እነዚህ ቀለሞች ጎን ለጎን መቆም የለባቸውም እየተባለ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰዎች ዝም አሉ። የፓሪስ ወይዛዝርት ጥምጥምና ሰፊ ሱሪ መልበስ ያዙ። የቀለሙ ኃይል ከአሠራሩ ጭምር የመጣ ነው፤ የመስኮብ ሠዓሊዎች ሸራውን በግድግዳ ላይ ሳይሆን በወለሉ ላይ ዘርግተው፥ በላዩ እየተራመዱ፥ እንደ መጥረጊያ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ይቀቡት ነበር።

ልብሱን በሚመለከት ግን የባክስት ትልቁ ሥራ ሌላ ይመስለናል። ከእርሱ በፊት ሠዓሊ የልብስ ንድፍ ሲያወጣ የቆመ ሰው ይሥል ነበር። ባክስት የሣላቸው ሰዎች ይዘላሉ፥ ይጎነበሳሉ፥ ይዞራሉ፤ ጨርቁም ከእነርሱ ጋራ ይበርራል። በ1912 ዓ.ም. ለ«ፎን» ባሌት ቫስላቭ ኒዢንስኪን ከገላው ጋራ በሚጣበቅ ልብስ አልብሶ፥ ጥቁር ቡናማውን ነጠብጣብ በላዩ ቀባው። ልብስና ገላ የሚለዩበት ወሰን ጠፋ።

ይኸው ገላ በአገር ቤት ሌላ መዘዝ አመጣ። በ1911 ዓ.ም. መጀመሪያ ኒዢንስኪ በማሪንስኪ ቲያትር «ዢዜል» የተባለውን ባሌት ሲጫወት፥ ለፓሪስ ቤኑዋ የነደፈለትን አጭር ቀሚስ ለበሰ። ደንቡ ወንድ ዳንሰኛ ከጠባቡ ልብስ በላይ ቁምጣ እንዲደርብ ያዝዝ ነበርና እርሱ አልደረበም። በዚያ ምሽት እናት ንግሥቲቱ ማሪያ ፌዎዶሮቭና ተገኝተው ነበር። ይቅርታ እንዲጠይቅ ቢነገረው እንቢ አለ፤ ተባረረም። ክሼሲንስካያ ቀሚሱን እንቢ ብላ ዲሬክተሩን አስለቀቀች፤ እርሱ ቁምጣውን እንቢ ብሎ ራሱ ወጣ። ደንቡ አንድ ሆኖ ፍርዱ የተለያየው በልብሱ ምክንያት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳል። ዲያጊሌፍም ኒዢንስኪን ይዞ በዚያው ዓመት ከንጉሠ ነገሥቱ ቲያትር የተለየ ቋሚ ቡድን መሠረተ።

ሠዓሊዎቹ ክብር ባገኙ መጠን ጠባቸውም በዛ። በ«ሼሄራዛድ» ማስታወቂያ ላይ የድርሰቱ ባለቤት ባክስት ነው ተብሎ ሲታተም፥ ቤኑዋ እጅግ ተናደደ። በ1911 ዓ.ም. «ፔትሩሽካ» ሲዘጋጅ ደግሞ የቤኑዋ አንድ ሥዕል በመንገድ ስለ ተበላሸ ባክስት ቢያድሰው ሌላ ጠብ ተነሣ። ባክስትም ቢሆን ክብሩ በፓሪስ እንጂ በአገሩ አልነበረም፤ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1912 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ እንዳይቀመጥ ተከለከለ።

የሠዓሊው ዓይን ዳንሰኛውን የተጫነበትም ጊዜ አለ። በ1913 ዓ.ም. «የፀደይ ሥርዓት» ሲታይ ሮሪክ ያለበሳቸው ከባድ የሱፍ ቀሚሶች ለዝላይ አስቸጋሪ ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. «ፓራድ» በተባለው ባሌት ፒካሶ ሁለት ሰዎችን ሦስት ሜትር ያህል ቁመት ባለው የካርቶን ግንብ ውስጥ አስገባቸው፤ የቀረላቸው ወለሉን በእግራቸው መደብደብ ነበር። እኛ ይህን እንደ ድል አንቆጥረውም፤ ለመዝለል ሰባትና ስምንት ዓመት የተማረ ሰው ካርቶን ተሸካሚ ሆኗልና።

ዋጋውም ከባድ ነበር። በኅዳር 1921 ዓ.ም. በለንደን በአልሃምብራ ቲያትር «የተኛችው ልዕልት» ስትታይ ባክስት እጅግ ብዙ የወርቅና የሐር ልብስ በጥቂት ሳምንታት አሰፋ። ትርኢቱ 105 ጊዜ ታይቶ ወጪውን ሳይመልስ ተዘጋ፤ የቲያትሩ ባለቤትም ሸራውንና ልብሱን በዕዳ ያዘ። ዲያጊሌፍ በ1929 ዓ.ም. በቬኒስ በሞተ ጊዜ የቀረው ዕቃ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው እየተላለፈ፥ በመጨረሻ በፈረንሳይ አገር በመጋዘን ተከማቸ።

በ1967፥ በ1968 እና በ1973 ዓ.ም. ሣጥኖቹ ተከፍተው በለንደን በሐራጅ ተሸጡ። በ1968ቱ ሐራጅ ወጣት ዳንሰኞች ልብሱን ለብሰው በመድረክ ላይ አሳዩ፤ ከፒካሶ ሥዕል ተስፋፍቶ የተሣለው «ሰማያዊው ባቡር» የተባለው ባሌት መጋረጃም 69,000 ፓውንድ አወጣ። ብዙው ዛሬ በለንደንና በአውስትራሊያ በካንቤራ ቤተ መዘክሮች ይገኛል። ከ«የፀደይ ሥርዓት» ልብሶች ብዙዎቹ ደኅና ሆነው የቆዩት ባሌቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ታየ ነው። ብዙ ጊዜ የተለበሱት ግን በብብታቸው የላብ፥ በአንገታቸው የፊት ቀለም እድፍ ይዘዋል፤ በአንዳንዶቹም የውስጥ ጨርቅ ላይ የለባሹ ስም በቀለም ተጽፎ፥ እርሱም ተሰርዞ ከበታቹ የሌላ ዳንሰኛ ስም ይነበባል።